ለቅዳሜ የተቀጠረ ሕመም

«ሕመምሽን ለቅዳሜ አቆይልኝ» ሲላት ሰማሁ። ተናጋሪው ወንድሜ ዋጂህ ነው፤ የሚያነጋግረው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ጁማናን። ልጅቷ በወላጆቿ አልጋ ላይ ቀኝ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ስባ ተኝታለች፤ እሱ መስታወት ፊት ቆሞ ከሱፉ ጋር የሚሄደው ሰማያዊው ከረባት ይሁን ቡናማው ያማርጣል። ዓርብ ጠዋት ነበር። የመጀመሪያ ልጁን ሩላን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች የሚመጡት በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ሽማግሌ ሲባል ሦስት አዛውንት እንዳይመስላችሁ። እኛ ሰፈር፣ ጀበል ኑዝሃ፣ ሦስት ሰው ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ቤተሰብ እንደ ተሳዳቢ ይቆጠራል፤ ሁለት መቶ ወንድ ይመጣል፤ ከፊታቸውም ጡረታ የወጣ ጄኔራል ወይም የቀድሞ ሚኒስትር ይቆማል። ያ ትልቅ ሰው ሙሽራውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ለኛ የደረሰን ጄኔራል የነበረ አንድ «ፓሻ» ነበር፤ ዋጂህ የፓሻውን ስም ከሰማበት ቀን ጀምሮ አረማመዱ ሳይቀር ተለውጧል። ልጅቷ «እሺ ባባ» አለችውና ለመቀመጥ ሞከረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ ትታው ተመልሳ ተኛች።

እኔ ኢንዓም የዋጂህ ታላቅ እህት ነኝ። በሴቶች ትምህርት ቤት ስፖርት አስተምራለሁ። ቤተሰቤ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ «አስተማሪ ናት» ይልና ምን እንደማስተምር ሳይጠየቅ ወሬ ይለውጣል። ባሌን ፈትቼ ከተመለስኩ ወዲህ የምኖረው ሰገነቱ ላይ፣ ከውኃ ጋኖቹ አጠገብ ባለች ክፍል ነው፤ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ቦታዬ ማድ ቤት ነው። ስለዚህ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ታች ነበርኩ። የሳሎኑ ሶፋዎች ከተገዙበት ቀን ጀምሮ ያልወለቀው ላስቲካቸው ወልቆላቸው ወርቃማ እግራቸው ያብረቀርቃል። የኪራይ ወንበር የጫነ መኪና ሲያራግፍ፣ ሰዎች ከኛ አጥር እስከ ፊት ለፊቱ ጎረቤት አጥር ድረስ መንገዱን ዘግተው ድንኳን ሲተክሉ፣ እናቴ ሃጃ ሰዓዳ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለእንግዳ ስለሚቀርበው የአይብ ጣፋጭ፣ ስለ ኩናፋ ዋጋ ታወራ ነበር። የአንድ ትሪ ኩናፋ ዋጋ ካለፈው ክረምት ወዲህ ምን ያህል እንደጨመረ፣ የእገሌ ቤት ሰዎች ግን አይብ ቀንሰው ሰሞሊና በማብዛት እንዴት እንግዳ እንዳታለሉ። ሙሽሪት ሩላ ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳለች። የዋጂህ ሚስት ሱሃይላ የፊንጃል ትሪ እየወለወለች ዝም ብላለች። ሱሃይላ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ ዝም እንዳለች ነው፤ እነሱም ይህን ጨዋነት ይሉታል።

የጁማና ሕመም የዚያ ቀን ፈጠራ አልነበረም። አንድ ወር ሙሉ ሲመጣ ሲሄድ ቆይቷል። በፈተና ሳምንት ሲይዛት «ፈተና ፈርታ ነው» ተባለ። ፈተናው አልቆ ሲይዛት «ከሱቅ የምትገዛው ቺፕስ ነው» ተባለ። ቺፕስ ተከልክላ ሲይዛት «እህቷ እንደ ሙሽራ ስትታይ ቀንታ ነው» ተባለ። በየጊዜው ሕመሙ ጥቂት ቆይቶ ስለሚለቃት እያንዳንዱ ተናጋሪ አሸናፊ ሆኖ ይወጣል። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሆዴን አመመኝ እያሉ ከሩጫ የሚያመልጡ ልጆች ሲያታልሉኝ ኖሬያለሁ፤ ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ። የምትዋሽ ልጅ ሆዷን መሐሉ ላይ በሁለት እጇ ይዛ በአንድ ዓይኗ እኔን ታየኛለች። እውነት ያመማት ልጅ ማንንም አታይም። ያን ጠዋት ጁማና ግድግዳውን እያየች ነበር። «የት ጋ ነው?» ስላት ሌሊት እምብርቷ ዙሪያ እንደነበረ፣ አሁን ግን ወደ ታች መሄዱን ነግራኝ በቀኝ በኩል ከዳሌዋ አጥንት ከፍ ያለውን ቦታ በአንድ ጣት አሳየችኝ። ቁርስ አልበላችም፤ የጠጣችውን ሻይም አስመልሳለች። ግንባሯ ሞቅ ብሏል።

«ይቺ ልጅ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት» አልኩ ማድ ቤት ገብቼ።

«እምብርቷ ነው የወደቀው» አለች እናቴ፤ ስለ ኩናፋው በምትናገርበት በዚያው ድምፅ። «ትናንት ወንበር ስታነሳ አይቻታለሁ። አምጪልኝ፣ አነሳላታለሁ።»

እናቴ እምብርት በማንሳት የታወቀች ናት። ሰፈሩ ውስጥ ሆዱን የታመመ ሕፃን ሁሉ በእጇ አልፏል፤ አብዛኛው ያለሷም ይድን ስለነበር ዝናዋ ገናና ነው። ልጅቷን ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት፤ እጇን የወይራ ዘይት ቀብታ በአውራ ጣቷ እምብርቷ ዙሪያ እየጫነች ታሽ ጀመር። «ልቧ የሚመታው እዚህ መሆን ሲገባው እዚህ ሄዶ ይመታል፤ ይኸው» እያለች ለሱሃይላ ታስረዳለች። ከዚያ ጥጥ በእሳት ለኩሳ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችና ሆዷ ላይ ደፋችው። ቆዳዋ ወደ ብርጭቆው ተስቦ አበጠ። ጁማና የጮኸችው ግን ብርጭቆው ሲደፋ አልነበረም፤ የእናቴ እጅ ወደ ቀኝ ወርዶ ከተጫነ በኋላ በድንገት ሲነሳ ነው። እንዲህ ያለ ጩኸት ከልጅ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ብርጭቆውን ነቅዬ አነሳሁ፤ እናቴም እጄን መታችኝ። «ገብቷል እኮ፤ ሲገባ ነው የሚያማቸው» አለች። ሱሃይላ በሩ ላይ ቆማ መወልወያ ጨርቁን ጨምቃ ይዛለች፤ አማቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ወደ ፊንጃሎቿ ተመለሰች። ያን ጊዜ በጣም ናቅኳት፤ ደብቄውም አልነበረም።

ታናሽ ወንድማችን ሃይሰም ፋርማሲ አለው። እኛ አገር ነጭ ጋዋን ለብሶ ከመደርደሪያ ጀርባ የቆመ ሁሉ ዶክተር ስለሚባል እናቴ ከወለደችው ልጅ ጋር ስታወራ እንኳ «ዶክተር» ትለዋለች። ከጁምዓ ሶላት በፊት ሽቶ ተቀብቶ መጣ። ጠርቼ አስገባሁት፤ ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ሜዳ ላይ ወድቃ ትርፍ አንጀት ሆኖ ሲገኝ ሐኪሙ ያስጠነቀቀኝን ነገርኩት። ከእምብርት ተነስቶ ወደ ቀኝ ከወረደ፣ ምግብ ካስጠላት፣ መዝለል ካቃታት አታሿት፣ አትጠብቁ፣ አምጧት ነበር ያለኝ። ሃይሰም «እህቴ ደግሞ ቀዶ ሐኪም ሆናለች» ብሎ ሳቀና አልጋው አጠገብ ተቀመጠ። በቀኝ በኩል ቀስ ብሎ ተጫነ። ከዚያ እጁን በድንገት አነሳ። ልጅቷ በእህህታ ተኮማተረች። ፊቱን እያየሁት ነበር፤ ሳቁ ጠፋ። ገባው። ለጥቂት ጊዜ እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ቀጥሎ በመስኮት ወደ ውጭ፣ ወደ ድንኳኑ አየ። ዋጂህ ወንበር የሚደረድሩትን ሰዎች ለፓሻው የተዘጋጀው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ እንዲታይ እያዘዘ ነበር።

«ጋዝ ነው» አለ ሃይሰም። «መርፌ እወጋታለሁ፣ ትተኛለች። ካልተሻላት ማታ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ።»

«አሁን ለምን አይሆንም?»

«ኢንዓም፣ ዛሬ ቀኑን አታበላሺብን።»

ታክሲ ጠርቼ እወስዳታለሁ አልኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች፤ በደስታ ቀን ከቤት በሽተኛ አይወጣም፣ ለሙሽሪት አይበጃትም አለች። ዋጂህ መጥቶ በዝቅተኛ ድምፅ ልጅ ያልወለደ ሰው እናትነት ሲያምረው እንዲህ እንደሚያደርገው ነገረኝ። ይህን ሲናገር ከረባቱን እያስተካከለ ነበር። ወደ ሱሃይላ ዞርኩ። «ልጅሽ ናት፤ ውሰጃት ካልሽኝ ማንም አያስቆመኝም» አልኳት። ሱሃይላ አንገቷን ደፋች። ሃይሰም መርፌውን ወጋ። አራቱንም በየተራ አየኋቸውና ወደ ማድ ቤት ተመለስኩ።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ልጅቷ ዝም አለች። ሕመሙ ለቀቃት። እናቴ ድል እንዳደረገ ሰው በየክፍሉ እየዞረች «አላልኩም? ገባ አላልኩም?» አለች። ሃይሰም መርፌው ነው ሲላት ሁለቱ በማን መድኃኒት እንደዳነች ተከራከሩ። የልጅቷን ግንባር የነካ ግን አልነበረም። የኩናፋው ትሪዎች ሲመጡ ከሁሉ አስቀድሜ ለጁማና ቆርጬ ወሰድኩላት። ይቺ ልጅ ኩናፋ ሲባል ከእንቅልፏ የምትነሳ ናት። ሽታው ሲደርሳት ፊቷን አዞረች። እንደ ምድጃ ትነዳለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ሆዷ ሲነኩት እንደ ጣውላ ሆኗል። ጁማና ቤት ውስጥ በሁለት እግሯ ሄዳ አታውቅም፤ ከክፍል ወደ ክፍል የምትሄደው በአንድ እግሯ እየዘለለች ነው፤ አያቷም በዚህ ስትሰድባት ትውላለች። «ተነሺና እንደ ልማድሽ አንዴ ዝለይልኝ» አልኳት። ደግፌ አቆምኳት። ጎንበስ ብላ፣ አልጋውን ይዛ፣ እግሯን ለማንሳት አሰበች። ማሰቡ ብቻ ፊቷን አመድ አስመሰለው። «አክስቴ፣ ቆይ ነገ» አለችኝ።

አምቡላንስ ጠራሁ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ስልኩን ስዘጋ ሱሃይላ ኋላዬ ቆማ ነበር፤ ስደውል ሰምታኛለች። ሄዳ ለባሏ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረችም። ቁም ሳጥን ከፍታ ወፍራም አንሶላ አወጣችና አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

በዚያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ መድረስ ጀምረው ነበር። መኪኖቹ ቁልቁለቱን ሞሉት፤ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ ከላይኛው አደባባይ እስከ ድንኳኑ ድረስ ብስክሌት የሚያሳልፍ ክፍተት ጠፋ። ወንዶቹ ገብተው ተቀመጡ፤ የኛ ወገን በአንድ በኩል፣ የሙሽራው ወገን ፊት ለፊት። ፓሻው ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተሰየመ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ፂሙ ቀለም የተቀባ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የገባ። ፊንጃሉ ቀረበለት፤ እንደ ወጉ ሳይቀምሰው ፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። የመጣበት ነገር ካልተፈቀደለት ቡናውን አይጠጣም፤ እሱ ካልጠጣ ማንም አይጠጣም፤ እስኪጠጣ ድረስም ማንም አይነሳም፣ አይናገርም። ማይክራፎኑን ይዞ ጀመረ። ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች ጥንታዊ ግንድ፣ ስለ ጀግንነታቸው፣ ስለ ለጋስነታቸው አወራ። የሁለቱንም ቤተሰብ ስም ጽፈው ስለሰጡት በየመሐሉ ወደ እጁ ያይ ነበር። ወንድሜ በየዓረፍተ ነገሩ አንገቱን ይነቀንቃል።

ስልኬ ጮኸ። አምቡላንሱ አደባባዩ ላይ ደርሷል፣ መግባት ግን አልቻለም። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው በእግራቸው ወርደው ድንኳኑ አፍ ላይ ደርሰዋል፤ የቤታችን በር ያለው ከድንኳኑ ወዲያ ነው። ያስቆማቸው ሃይሰም ነበር። በማድ ቤቱ መስኮት አየሁት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ያነጋግራቸዋል። የድምፅ ማጉያው ዝም ባለበት ቅጽበት የሚላቸውን ሰማሁ። «ትንሽ ታገሡን ወንድሞቼ፤ ፓሻው ቡናውን እስኪጠጡ ብቻ።» ይህን የሚለው በጠዋት እጁ አየር ላይ የቀረው ሰው ነው።

ዞር ስል ሱሃይላ ልጅቷን በአንሶላው ጠቅልላ ታቅፋታለች። በባዶ እግሯ ነበረች። «በሩን ክፈቺልኝ» አለችኝ። በዚያ ቀን የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ይመስለኛል። እናቴ «ወንዶቹ መሐል?» አለች፤ «ሱሃይላ፣ አብደሻል?» ክንዷን ልትይዝ ሞከረች። ሱሃይላ አልመለሰችላትም፤ እናቴ እዚያ እንዳልነበረች አድርጋ አለፈቻት። እኔ በሩን ከፈትኩ።

ሱሃይላ ሁለት መቶ ወንድ ወዳለበት ድንኳን ገባች። የፓሻው ንግግር «ክቡር ዘር» ላይ ተቋረጠ። ዋጂህ ከወንበሩ ተነሥቶ ፊቱ ፍም መስሎ «ተመለሺ፤ ቡናው አልተጠጣም» አላት፤ ማይክራፎኑ ክፍት ስለነበር ቁጣው በድምፅ ማጉያው አልፎ ለሰፈሩ ሁሉ ተሰማ። መሐሉ መተላለፊያ የለም፤ ጉልበት ከጉልበት ጋር ተጣብቋል። ሱሃይላ በቀጥታ ሄዳ ፓሻው ፊት፣ ፊንጃሉ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ቆመች።

«ፓሻ፣ ቡናዎ ፊትዎ ነው፤ አልጠጡትም» አለች። «እንግዲያው እኔም የምጠይቀው አለኝ። ልጄ እየሞተችብኝ ነው፤ መንገድ ልቀቁልኝ።»

ፓሻው ወደ እጁ አየ። ወረቀቱ ላይ ይህ አልነበረም። ግራና ቀኙን ቢያይ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ፊንጃል አስቀምጦ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ ባልተጠጣ ፊንጃል ላይ የቀረበን ጥያቄ እምቢ ማለት እንደማይቻል ከማንም በላይ ያውቃል። በወጉ ተያዘ። ልቡ ራርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ወዳጆቹ ፊት ወግ አጥፍቶ መታየት አስፈርቶት ነው። በሁለት እጁ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ። እሱ ሲነሣ ሁለት መቶው ተነሣ፤ ወንበሮቹ ወደ ኋላ ተገፉ፤ መሐሉ ተከፈተ። ቃሬዛ የያዙት ሰዎች ሃይሰምን ገፍተው ገቡ። ሱሃይላ ልጇን ቃሬዛው ላይ አስተኛቻትና እጇን ይዛ በባዶ እግሯ ዳገቱን ወጣች፤ እኔ የሁለቱንም ጫማ ይዤ ተከተልኳት።

ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ቀዶ ሐኪሟ ወጥታ መግሉ ሆዷ ውስጥ እንደተሰራጨ፣ እንዳጠቡት፣ ለጊዜው እንደተረፈች ነገረችን። ከዚያ «ሕመሙ በመሐል ለቋት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አዎ ስንላት ያን ጊዜ ነው የፈነዳው አለች። ሆዷ ላይ ያለውን ክብ ብልዝ ምን እንደሆነ፣ መርፌውን ማን እንደወጋትም ጠየቀች። በዚህ መሐል ሃይሰም ደርሷል። ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን እያየ «እኔስ ከጠዋቱም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ይህን የተናገረው ሙያው እንዲታወቅለት ነበር። ሱሃይላ ቀና ብላ አየችው።

ዋጂህ አመሻሽ ላይ መጣ። ሱፉን አልቀየረም። ሁኔታዋን ከጠየቀ በኋላ ለማጽናናት አስቦ ይመስለኛል ሰዎቹ ነገሩን በመልካም እንደተረዱት፣ እኛ ከሄድን በኋላ ፓሻው ተቀምጦ ቡናውን እንደጠጣ፣ ሩላም እንደተፈቀደች ነገረን። ኩናፋው ግን ቀዝቅዞ አይቡ ደርቆ ነበር። ስልኩንም አወጣ፤ ፓሻው ፌስቡክ ላይ «ለአንዲት እናት ክብር ከወንበሬ ተነሣሁ» ብሎ ከሥሩ ፎቶውን ለጥፏል፤ ስንት ሰው እንደወደደለት አሳየን። ሱሃይላ ስልኩን አላየችም። ኮሪደሩ ውስጥ ያለ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ነጠላ ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋለች።

ጁማና ዓይኗን የገለጠችው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። አፍንጫዋ ውስጥ ቱቦ አለ፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ እናቷን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አክስቴ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ ነው የኔ ዓለም።»

ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ የነበረው ጭንቀት ሲለቃት አየሁ። በሩ ላይ የቆመውን አባቷን ስታገኘው ልትስቅለት ሞከረች። «ባባ» አለችው በተቆራረጠ ድምፅ፣ «አቆየሁት አይደል?»

ወንድሜ መጥቶ አልጋው አጠገብ ቆመ። ጎንበስ ብሎ እጇን ሊይዝ ሲል ሱሃይላ ቀደመችው። የልጅቷን እጅ አንስታ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተችው።